በቀልዴ የሚስቁ መስሎኝ

ስታርትአፕ ከመመሥረት ስለ ስታርትአፕ ምክር መስጠት ይቀላል። ኩባንያችሁ ገና እየዳኸ እንኳ "መነሻሽ ምን ነበር? ለጀማሪዎች ምን ትመክሪያለሽ?" ብሎ መድረክ ላይ የሚጋብዝ አይጠፋም። እምቢ አይባልም። ነፃ ማስታወቂያ ነው። በዚያ ላይ፣ እውነቱን እናውራ ካልን፣ ሰው ፊት ቆሞ ጥበበኛ መምሰል ደስ ይላል።

የኛ አፕ ሥራው ቀላል ነው። ለማን ምን እንዳዋሳችሁ ይመዘግባል። ቀኑ ሲደርስ ዕቃውን የወሰደውን ሰው በጨዋ ቋንቋ "እባክዎ ይመልሱ" ይለዋል። መቼም መጽሐፉ፣ ቻርጀሩ ወይም መሰላሉ ሰው ቤት ያልቀረበት የለም። ፊት ለፊት "ዕቃዬን መልስ" ማለት ያሳፍራል፤ አፕ ግን አያፍርም። ባልደረባዬ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ወሬውን አወራለሁ። ወረቀት ላይ "ዋና ሥራ አስፈፃሚ" ይላል፤ ያው ነው።

የተጋበዝኩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ላፕቶፔን ተቀብለው ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኙት፤ እዚያው ቴክኒሻኑ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እኔ እጅ የገባው ስላይድ መቀየሪያ ሪሞት ብቻ ነው። ትልቁ ስክሪን ከኋላዬ፣ ሕዝቡ ከፊቴ። ይህን አቀማመጥ ልብ በሉልኝ።

ጀመርኩ። ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የድሮፕቦክስ መስራች ድሩ ሂውስተን ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ ሲሄድ ፍላሽ ዲስኩን ረስቶ በንዴት እዚያው ኮድ መጻፍ እንደጀመረ ተረኩ። "የእኔ ፍላሽ ዲስክ ደግሞ ጃንጥላ ናት" አልኩ። ለጓደኛዬ አዋስኳት፣ ሳትመለስ ቀረች፣ ዝናብ ደበደበኝ፣ ሐሳቡ መጣ። እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብኝ፤ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ቆም ስል ከፊት መስመር ሳቅ ተሰማ። ቀልድ አልነበረም፣ ግን ምን ገዶኝ።

ከኋላዬ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ የባልደረባዬ መልእክት ብቅ ብሎ ነበር። "ሰርቨሩ ወድቋል። እንዳትደነግጪ።"

እኔ ወደ ጽናት ተሻግሬአለሁ። ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የአቧራ መምጠጫ ማሽን እስኪያሳካ 5,127 ናሙና ሠርቷል፤ 5,126ቱ አልሆኑም። "ይህ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እሺ፣ አሁን ደንግጪ።"

አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። ይህን ችሎታዬን እስከዛሬ የት ደብቄው ነበር አልኩ በልቤ። ሞቅ አለኝ። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበትን የኤርቢኤንቢን ታሪክ ጨመርኩ። መስራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ገንዘብ ሲያጥራቸው፣ የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ስለነበር፣ በኦባማና በማኬይን ስም የቁርስ ሲሪያል ካርቶን አሳተሙ። ካርቶኑን በእጃቸው እያጣበቁ አንዱን በ40 ዶላር ሸጡ። 30,000 ዶላር ገደማ አገኙበት። "ገንዘብ አለቀ ማለት ሐሳብ አለቀ ማለት አይደለም!" ብዬ ጮህኩ።

"ሰርቨሩ የወደቀው ሂሳብ ስላልተከፈለ ነው። ካርድሽን ሞከርኩት፣ ባዶ ነው።" ቀጥሎ፦ "የኔንም ሞከርኩ። አትሳቂ።"

ሰዎች እንባቸውን እየጠረጉ ነው። አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። እኔ ደግሞ በተሻለ ጎኔ ልትቀርጸኝ ብዬ ወደ ግራ ዞር አልኩላት።

የስላክን ታሪክ ባላነሳ ይሻል ነበር። ስቱዋርት በተርፊልድ ግሊች የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታው አላዋጣ ብሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጋው። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይነጋገሩበት የነበረው መሣሪያ ግን ተረፈ። እሱ ነው ስላክ የሆነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ 27.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ ጠቀለለው። "አያችሁ? አንዳንዴ ሰው የሚፈልገው ዋናውን ምርታችሁን ሳይሆን፣ እናንተ ውስጥ ለውስጥ የምትነጋገሩትን ነው!" አልኩ። ጭብጨባው አላቆም አለ።

ማሳረጊያዬ ጃንጥላዋ ነበረች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ያቺ ጃንጥላ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። እንኳንም አልተመለሰች!" አልኩ።

ይህን ጊዜ እናቴ ጻፈች። "ልጄ፣ ያቺ ጥቁር ጃንጥላሽ እኔ ጋ ናት። ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወድቃ አገኘኋት። ለሰው አውሻት ቀረች ያልሽው እሷን ነው?" አልበቃትም። "ደግሞ ስልኬ ላይ የጫንሽልኝ ነገር በየወሩ ገንዘብ ይቆርጣል። ካልከፋሽ ይቅርብኝ።"

ከአዳራሹ መሃል አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እስቲ አንዴ ዞር በይ" አሉኝ።

ዞርኩ። መልእክቶቹ ተደርድረዋል። ቆሜ ሳነብ ደግሞ የባልደረባዬ የመጨረሻ መልእክት ገባ፦ "ንግግሩ እንዴት ነው? ስለ ገንዘቡ ብቻ እንዳታነሺ።"

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር። አልተከፈተም። ለጥያቄ የተመደበው ሰዓት ግን ተከፈተ፣ የወጡት እጆች ብዛት ጉድ ነው። ስለ ዳይሰን ማንም አልጠየቀኝም።

አንዱ "ስንት ወር የሚያቆይ ገንዘብ አላችሁ?" አለ። ካርዱ መልሶለታል፣ ግን ስሌቱን ነገርኩት። በየወሩ ከሚወጣው ላይ የሚገባውን ቀንሱ፤ ባንክ ያለውን ገንዘብ በልዩነቱ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ዕድሜያችሁ ነው። ኢንቨስተር "እናስብበታለን" ያላችሁን ገንዘብ እዚህ ውስጥ አትደምሩ። እኛ ደምረነው ነበር።

ሌላዋ ከባልደረባዬ ጋር የኩባንያውን ድርሻ እንዴት እንደተካፈልን ጠየቀች። በቴክኖሎጂው ዓለም የተለመደው ድርሻው በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲገኝ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ምንም አይወስድም። በፍቅር ሰሞን እንዲህ ያለ ውል መጻፍ ይከብዳል። ከተኳረፉ በኋላ ደግሞ ጨርሶ አይጻፍም። እኛ ጽፈናል። በዚያች ሰዓት ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ፤ ሰውየውን ላባርረው እያሰብኩ ነበር።

"እናትሽ ደንበኛ ናት?" አለ አንድ ቀጭን ልጅ። ሳቅ። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ዘመድ "ጥሩ ነው፣ በርቺ" ይላል፣ ካርዱንም ይሰጣል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ የተጫነውን ነገር በሆዱ ይረግማል። ስለዚህ ማንንም "ይህን አፕ ትጠቀማለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። "ባለፈው ዕቃህ ሳይመለስልህ ሲቀር ምን አደረግህ?" በሉት። ደውሎ ከተጨቃጨቀ፣ ወይም ደብተር ላይ መመዝገብ ከጀመረ ደንበኛ አገኛችሁ። "ምንም፣ ሌላ ገዛሁ" ካለ አደጋ ነው። እኛ ከጠየቅናቸው ብዙዎቹ ሌላ ገዝተዋል።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። "እና የጃንጥላው ታሪክ ውሸት ነው?"

የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ ደረሰልኝ። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረተው እጮኛው የምትሰበስባቸውን የፔዝ ከረሜላ መያዣዎች እንድትለዋወጥበት ነው የሚል ታሪክ ለዓመታት ተወርቷል። የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ለጋዜጠኞች እንዲጥም የፈጠረችው ነው። የመጀመሪያው ሽያጭ የተሰበረ ሌዘር ጠቋሚ ነበር፣ በ14.83 ዶላር። ገዢው መሰበሩን ያውቃል፤ የሚሰበስበው የተሰበረ ነው። ለእኔ ይሄኛው ታሪክ በስንት ጣዕሙ! የኔው ቢያንስ ውሸት አይደለም፤ ጃንጥላዋ ጠፍታ ነበር፣ ዝናቡም መትቶኛል። የተጎዳው ጓደኛዬ ነው። አፑ በየሳምንቱ "እባክዎ ይመልሱ" ሲለው፣ እሱም "አልወሰድኩም" እያለ ሲመልስ ከርሟል። የመጀመሪያው ተጠቃሚያችን እኮ ነው።

ሲያበቃ አንድ ኢንቨስተር ወደ እኔ መጡ። ኮቴን አስተካከልኩ። ቢዝነስ ካርዳቸውን ዘረጉልኝና "ይህን መልእክቱን ለሚጽፈው ልጅ ስጪልኝ። መጥፎ ወሬ ቶሎ የሚናገር ሰው እወዳለሁ" አሉኝ።

ባልደረባዬ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ለጥፎታል። ስብሰባ ላይ እኔ መናገር ስጀምር ላፕቶፑን ወደ እኔ ያዞራል። የሰርቨሩን ሂሳብ ግን በመጨረሻ የከፈለችው እናቴ ናት። ደንበኝነቷን ለማቋረጥ ሰርቨሩ መሥራት ነበረበት።