ከማስተንፈሻው ሥር ተዘግቶ የቀረው ቫልቭ

እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2022 ረፋድ ላይ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኩዊንታና ደሴት ባለው የፍሪፖርት የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ አንድ ቧንቧ ፈነዳ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ፋብሪካው ግን ስምንት ወር ያህል ማምረት አቆመ። አሜሪካ ወደ ውጭ ከምትልከው ፈሳሽ ጋዝ አንድ አምስተኛ ገደማው ከዚያ ይጫን ነበርና ወሬው እንደተሰማ የጋዝ ዋጋ በአሜሪካ ወረደ፣ በአውሮፓ ወጣ።

ከባዱ ሥራ የሚመስለው ማቀዝቀዙ ነው። መጀመሪያ ከተፈጥሮ ጋዙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ውሃውና ሜርኩሪው ይወጣል፤ ከዚያ ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈስሳል፣ የሚይዘው ቦታም 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። የፈነዳው ግን ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ያለው፣ ፈሳሹን ከታንኮቹ ወደ መርከብ መጫኛው የሚያደርሰው መስመር ነው።

በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል ፈሳሽ ታስሮ ቀረ። ቧንቧው ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ በመካከሉ ያለው አየር እንደ ፔርሙስ ተመጥጦ ወጥቷል። ፔርሙስ ደግሞ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ ማታ የተቀዳ ሻይ ጠዋት ለብ ብሎ ይገኛል። ፈሳሹም ቀስ በቀስ ሞቀ፣ ሰፋ፣ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳውን ገፋ። ለዚህ ተብሎ የተገጠመ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ነበር። ሆኖም ከሥሩ ያለው የእጅ ቫልቭ ለፍተሻ ከተዘጋ በኋላ ሳይከፈት ስለቀረ ግፊቱ ማስተንፈሻው ጋ አልደረሰም። ቧንቧው ሲቀደድ ግፊቱ ባንዴ ወረደ፤ የሞቀው ፈሳሽ በቅጽበት ፈልቶ ጋዝ ሆነ፣ እሳትም ያዘው።

መርማሪዎች የፍተሻና የቫልቭ ማኅተም (ቫልቩ ሳይታወቅ እንዳይዞር የሚታሰርበት) አሠራሩ ደካማ እንደነበር፣ የሙቀት መለኪያዎቹም ኦፕሬተሮችን እንዲያስጠነቅቁ እንዳልተስተካከሉ ጽፈዋል። ፈሳሽ ሊያስር የሚችል ቫልቭ መዝጋትም ለኦፕሬተሩ ውሳኔ የተተወ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለተኛው ቫልቭ ከመዘጋቱ በፊት "መሃል የሚቀረው ፈሳሽ መውጫው የት ነው?" ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ መልስ ከሌለ አይዘጋም።

ማስተንፈሻ ለፍተሻ ሲነጠል የእጅ ቫልቩ ቁጥርና የዘጋው ሰው መዝገብ ላይ ይግባ። ሥራው ሲያልቅ ቫልቩ ተከፍቶ ቁጥር ባለው የሽቦ ማኅተም ይታሰር፤ ከዚያ ሥራውን ያልነካ ሌላ ሰው የቧንቧዎቹን ንድፍ ይዞ ቦታው ድረስ ሄዶ ይየው። በሩብ ዙር የሚዘጋ ከሆነ እጀታው በቧንቧው አቅጣጫ ሲጋደም ክፍት ነው፣ ሲያቋርጠው ዝግ። ቧንቧውን ከውጭ መዳሰስ የውስጡን አይነግርም፤ ስለዚህ የሙቀት ማንቂያው የታሰረው ፈሳሽ ጥቂት ዲግሪ እንደሞቀ መጮህ አለበት።