ተረከዝ

ልጅቷ ከአዘዞ በባጃጅ ጎንደር ስትገባ ግራ እግሯ ከከዳት አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ሦስቱን ጠበል ውላለች። የራስ ሲቲ ስካኗ ምንም የለውም። ተረኛው ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ካርዷ ላይ «ኮንቨርዥን» ብሎ ጻፈ፤ ነርቡ ሳይጎዳ አካል አልታዘዝ የሚልበት ሕመም ነው። ለምን ሲባል፣ «ሲቲው ኖርማል ነው፤ ደግሞ ሠርጓ ተራዝሞባታል» አለ።

ሲኒየሩ ካርዱን ከደነው። «ሠርግ የተራዘመባት ሴት ስትሮክ አይመታትም? የራስ ሲቲስ የአከርካሪ ገመድ ያሳያል? ምልክቱን አሳየኝ።»

ዝም ሲል ራሱ ጀመረ። በጀርባዋ አስተኝቶ መዳፉን ከግራ ተረከዟ ሥር ከተተ። «ወደ አልጋው ተጫኚው» ቢላት ጉልበት የለም። ሌላ እጁን ቀኝ ጭኗ ላይ አድርጎ፣ «ግራውን እርሺው፤ ቀኝሽን አንሺ፣ እኔ ልከልክልሽ» አላት። ቀኟን ለማንሳት ስትታገል ግራ ተረከዟ መዳፉን ከፍራሹ አጣበቀው። አንዱን እግር በኃይል ስናነሳ ሌላው ሳናዝዘው ቁልቁል ይገፋል፤ መስመሩ ተበጥሶ ቢሆን ይህም ባልመጣ። ሁቨር የሚባል ሐኪም በ1908 እ.ኤ.አ. የጻፈው ምልክት ነው። ለኮንቨርዥን የሥነ ልቦና ጫና መገኘት አለበት የሚለው መመዘኛ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ዲኤስኤም ከሚባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ ወጥቷል፤ ሬዚደንቱ ግን የሠርጉን ወሬ ነበር የያዘው። ምርመራው ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው የሚያናድደው።

እናትየው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታስመስላለች ነው የምትሉኝ?»

«አታስመስልም እናቴ። እግሯ ደህና ነው፤ እሷ አስባ ስታዘው ትእዛዙ አይደርስም፣ ሐሳቧ ሌላ ጋ ሲሆን ግን ይደርሳል። እስቲ እጅዎን ያምጡ።»

መዳፋቸውን ተረከዟ ሥር አስገብቶ ደገመው።

«የቁስቋሟ! አለ እኮ እግርሽ!»

ልጅቷ አለቀሰች። በማግስቱ ፊዚዮቴራፒ ጀመረች፤ እግሯን አተኩራ ሳታይ፣ እያወራች መራመድ።

ሬዚደንቱ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ተረከዝ ሁሉ ይዳብስ ጀመር። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ላይ ሁቨር አገኘና «ኮንቨርዥን» ብሎ ጻፈ። ሲኒየሩ የዳሌያቸውን መገጣጠሚያ ቀስ ብሎ ቢያዞረው ጮኹ። ሕመም ያለበት ሰው ሲታዘዝ ፈርቶ አይገፋም፤ ሳያስበው ግን ሊገፋ ይችላል።

«ያምዎት ነበር እንዴ አባቴ?»

«እሱን ማን ጠየቀኝ?»