ኑግ ማሳ ውስጥ ንብ ስቆጥር

ዘንድሮ የመስቀል ሰሞን ዳንግላ አካባቢ አጎቴ ዘንድ ከረምኩ። ማሳው ቢጫ በቢጫ ነው። መሀሉ ኑግ፣ ዳር ዳሩ አደይ አበባና ሜጭ። ከቤቱ ጀርባ ሦስት ቀፎ አለ። እስቲ ንብ አበባ ላይ ምን እንደምትሠራ ቁጭ ብዬ ልይ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሽቶ ተቀብቼ የቀፎው አፍ ፊት ለፊት ተገተርኩ። ሁለቴ ተነደፍኩ፣ ግንባሬ አበጠ። አጎቴ እየሳቀ «መንገዷን ዘግተሽባት እኮ ነው፤ ገለል በይላት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከጎን ሆኜ የሚገቡትን አየሁ። የኋላ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ጠቅልለው ነው የሚመጡት፣ እርድ የመሰለ ቢጫ። አልፎ አልፎ ግራጫ የያዘች ትገባለች፤ ከባቄላ ነው አለኝ። ሁለት ቀለም የቀላቀለች ግን የለችም ማለት ይቻላል፤ ንብ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ ነው የምትውለው። ችግሩ፣ ቢጫውን ሁሉ «ኑግ» እያልኩ ስጽፍ ውዬ ለካ አደዩም ሜጩም ቢጫ ነው! የአንድ ቀን ማስታወሻዬ ገደል ገባ።

ስለዚህ ማሳው ውስጥ ገባሁ። አራት እንጨት ተከልኩና ክንድ በክንድ ከልዬ፣ በስልኬ 10 10 ደቂቃ እየያዝኩ ቆጠርኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እስኪምታታብኝ ድረስ ይመጣሉ፤ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምሄደው ከሰዓት፣ ቡናዬን ጠጥቼ ነበር።

ግን የገረመኝ አጎበሩ ነው። ገና እምቡጥ የነበረ አንድ ኑግ መርጬ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍኜው ነበር። ለአጨዳ ተመልሼ ስመጣ ከጎኑ ያለውን ሳሸው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ፍሬ መዳፌን ሞላው፤ የተሸፈነውን ሳሸው ገለባ። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ንብ አይጠብቅም። ኑግ ግን የራሱን ዱቄት አይቀበልም፣ ከሌላ እግር ኑግ የሚያመጣለት ይፈልጋል። አንድ እግር ብቻ ስለሸፈንኩ አልከራከርም፤ ለከርሞ አሥሩን እሸፍናለሁ።

አጎቴ ገለባውን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየውና እፍ አለው። «እና ይሄን ሁሉ ዘመን ዘይቱን ስትሠራልኝ የኖረች እሷ ናት?»

በማግስቱ አራተኛ ቀፎ ሊለስን እበት ሲያቦካ አገኘሁት።