ሀረጎን ስወርድ ያገኘሁት ዋንዛ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ይመስላል፤ በመሃል ያለው የሀረጎ ቁልቁለት ጥምዝምዝ ግን ሆድ ይረብሻል። ደግነቱ ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ብርዱ ይለቃል፣ ዛፉም ይለወጣል። ላይ ላዩን ባሕር ዛፍና ጽድ ነበር፤ ታች ግራርና ዋንዛ መጣ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዋንዛው ነጭ በነጭ ሆኗል።

ከተማው ሳልገባ ወርጄ ማሽላ መሃል ወደቆመ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሄድኩ። የንቡ ብዛት ጉድ ነው! የዋንዛ ማር ወዳጅ ያለው ያለ ነገር አይደለም። የወደቀ አበባ አነሳሁ፤ ስስ ነው፣ ጫፉ ጭምድድ ያለ። ቅጠሉ ከመዳፌ ይሰፋል፣ ላዩን ሲዳስሱት ይሻክራል።

የማሳው ባለቤት አዛውንት ናቸው። «ና ጥላው ውስጥ ግባ፣ አብሽር» አሉኝ።

«አባባ፣ ማሳ መሃል ሆኖ አያስቸግርዎትም?»

«ምን ያስቸግራል ልጄ? ቅጠሉ ሲረግፍ ለመሬቱ ፍግ ነው።»

ፍሬውን ጠየቅኳቸው። ሲበስል ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ልጅም ጦጣም ወፍም ይሻሙበታል። ውስጡ ዝልግልግ ስለሆነ ጣት ላይ ሙጭጭ ይላል። «እኛ ደብተር እንለጥፍበት ነበር» ብለው ሳቁ።

ኮምቦልቻ ገብቼ አንድ አናጺ ቤት ጎራ አልኩ። የዋንዛ እንጨት ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ሲወለወል ያምራል። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሙቀጫ፣ ከበሮ፤ የማይሆነው ነገር የለም። ጣጣውም ይኸው ነው፤ ለሁሉም ስለሚሆን ከጫካው ተመናመነ። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እኔ ግን ከአዋጁ ይልቅ እንደ አዛውንቱ ያለ ገበሬ የበለጠ ያቆየው ይመስለኛል።

አናጺው አሁን የሚሠራው በአብዛኛው በኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ በሚሠራ ሰሌዳ ነው። ጥግ ላይ ግን አንድ ወፍራም ሳንቃ አስደግፏል፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ነው። በመላጊያ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ጥቁሩ ጥላሸት ተገፎ ቀይ ሆዱ ወጣ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«አይሸጥም ወንድሜ። ለልጄ ሰርግ አልጋ እሠራበታለሁ።»