የጋብቻ በዓላችሁ ዓርብ ከዋለ ኬክ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ያገባነው ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር። ጥምቀት አልፎ አዲስ አበባ በሙሽራ መኪና ጥሩምባ የምትናጥበት ሰሞን። ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላን። ይህን የምጽፈው ቀደም ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ዘንድሮ ጥር 15 ዓርብ ዋለ። ዓመቱ 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ በዓላችሁ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ጊዜ ደግሞ ሁለት። የእኛ ከእሑድ ተነስቶ ዓርብ ላይ አረፈ። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ዶሮ የለም፣ ክትፎ የለም፣ ቅቤ የለም። ዘመዱ ሁሉ «ወደ እሑድ አዙሩት» አለን። እኔ በዚህ አልስማማም። በጥር እሑድ እንግዳ መጥራት ማለት ከሰው ሠርግ ጋር መሻማት ነው፣ ግማሹ ይቀራል፣ ግማሹም ጠግቦ ይመጣል። ዓርብ ማታ ግን የጠራነው ሁሉ መጣ። ቀናችሁን አትልቀቁ።

ምግቡ አላስቸገረም። ሱፍ ፍትፍት፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ስልጆ። ባለቤቴ ጠዋት የቂርቆስን ንግሥ አክብሮ ሲመለስ ከእድር ወንበር አመጣ። ልጆቹ ሳሎኑን አስተካከሉ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ኬኩ ነው ያበላሸው።

ከሠርጋችን ፎቶ አንዱ ላዩ ላይ እንዲታተም ፈልጌ ነበር። ልጄ ይህን ሰምቶ ለአያቱ «እማዬ ሙሽራ ሆና ኬክ ላይ አለች» ብሎ ከነገራት ቆይቷል። ሰፈራችን አካባቢ ወዳለ ኬክ ቤት ሄድኩና አዘዝኩ። በግልጽ ነው የተናገርኩት። ጥር 15፣ ዓርብ፣ በ9 ሰዓት የምወስደው፣ የጾም፣ ማለትም እንቁላልም ወተትም ቅቤም የሌለበት። አስተናጋጇ በብጣሽ ወረቀት ጻፈች፣ ቀብድ ተቀበለች፣ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ደረሰኙ ላይ የብሩ መጠንና ቁጥር እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ዓርብ በ9 ሰዓት ከልጄ ጋር ሄድኩ። «የእርስዎ እኮ ለነገ ነው» አለችኝ። ለነገ? ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። ጃንዋሪ 24 ይላል። ዕለቱ ጃንዋሪ 23 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትእዛዝ የሚመዘግቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፎቶው ጥግ ላይ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ጃንዋሪ 24፣ 2016 ብሎ አትሞበታል። እሷም ጥር 15ን አስልታ ከማግኘት ፎቶው ላይ ያለውን ቀን ገልብጣ አስገባች። ያገባን ቀን ጥር 15 በእርግጥ ጃንዋሪ 24 ነበር። 2008 ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ከእሱ በፊት ያለው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበረች ከመስከረም ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ከፍ ብሎ ይሄዳል። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ጥር 15 የሚውለው ጃንዋሪ 23 ነው። የስልካችሁ ካላንደርም እንደዚሁ ያሳስታችኋል፣ የእኔ ስልክ የደወለው በማግስቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ያገባችሁ ሰዎች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ስህተቱ የእነሱ መሆኑ ግልጽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። «ሲስተሙ ነው» አለኝ። ሲስተሙ ራሱ አይጽፍም፣ ሰው ነው የሚጽፈው አልኩት። ከማቀዝቀዣው ዝግጁ ኬክ አውጥቶ «ይህን ይውሰዱ» አለ። የጾም ነው ወይ ስለው «ቅቤ የለበትም»። እንቁላልስ? ዝም አለ። ጋጋሪው ከጓዳ መጥቶ «እንቁላልማ አለው» ባይል ኖሮ አማቴን በዓርብ ምድር ልናስገድፋት ነበር! ይቅር የማልለው ይህንን ነው። ቀን ማሳሳት አንድ ነገር ነው፣ የሰውን ጾም እንደ ቀላል ነገር መቁጠር ግን ሌላ። ገንዘቤን መልሱ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ቀብድ አይመለስም» አሳየኝ። ልጄ እጄን ይዞ «ኬኩ የለም?» እያለ ይጠይቀኛል። እንግዳ በ12 ሰዓት ይመጣል። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ደግነቱ አማቴ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዛ መጥታለች። እሷ ባረከች፣ እኔና ባለቤቴ አብረን ቆረስን። ልጄ ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ዳቦውን በላ። ማታው ደስ የሚል ነበር፣ ያንን አልክድም።

ቅዳሜ ኬኩን ስቀበል ደግሞ ክሬሙ የወተት ሆኖ አገኘሁት። «ቅዳሜ ጾም ስላልሆነ ነው» አሉኝ። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ! ልጆቹ በሉት። እኔ ግን የከፈልኩት ለዓርብ ነበር።

ስለዚህ የምመክራችሁ፦ የሳምንቱን ቀን ስም፣ የአገራችንን ቀን፣ የፈረንጁን ቀን፣ ሰዓቱን «ከሰዓት በኋላ» ብላችሁ፣ «የጾም፣ ያለ እንቁላል» የሚለውንም ጭምር ደረሰኙ ላይ ራሱ አስጽፉ። ፊታችሁ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገቡ እዩ። ኬክ ቤቶች «እኛ እንደውላለን» ይላሉ፣ አትጠብቁ፣ ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድማችሁ በአካል ሂዱ። ቀብድ ግማሽ ቢሉም ከሩብ በላይ አትክፈሉ፣ ካልተስማሙ ሌላ ቤት አለ። ቀን የታተመበት ፎቶ ደግሞ በፍጹም አትስጡ፣ ጥጉን ቆርጣችሁ ላኩ።

የሚመጣው ዓመት ጥር 15 ቅዳሜ ነው፣ ዶሮ ይሠራል። በ2020 ሰኞ ይውላል፣ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነም ጃንዋሪ 24 ላይ ይመለሳል። ኬኩን ግን ከሌላ ቤት ነው የማዝዘው።