ሆድ በዱከም፣ ዓይን በቢሾፍቱ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር፣ ዓርብ ማታ

ነገ ቅዳሜ ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ስለቀረው ከዚህ ከከተማው ጫፍ የሚነሳው ሰው ሁሉ ልቡ ቢሾፍቱ ነው። ደብረ ዘይት ማለት ያልተዉት ትልልቆችም፣ ቢሾፍቱ የሚለው ወጣትም የሚፈልጉት ያው ነው፤ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ጥሩ ነገር በልቶ መመለስ። ይኼ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል ብሎ መሄዱ ላይ ነው ቅዳሜው የሚበላሸው። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሰገነትና ምግቡ የሚጣፍጥበት ቤት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በእይታው የሚሸጥ ቤት ወጥ ቤቱን እምብዛም አያስጨንቀውም። ሐይቁ ላይ ቡና ጠጥቶ ምሳን መንገድ ላይ ባለችው በዱከም ሥጋ ቤት ማሰብ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ቢሾፍቱ ከመሃል አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፈጣን መንገዱ መግቢያ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ነው። መንገዱ ከተከፈተ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ጠዋት ያለ ጭንቀት የሚኬደው በዚያ ነው። መግቢያ ላይ ካርድ ይሰጣል፣ ሲወጡ በርቀቱና በመኪናው ዓይነት ይከፈላል። መውጫውን ያለፈ ሰው መሃል ላይ መዞሪያ ስለሌለው ቀጣዩ መውጫ ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው። የቢሾፍቱ ምልክት ሲታይ ወሬ ቆሞ ወደ ቀኝ መስመር መግባት ነው። ፈጣን መንገዱ ግን ዱከም መሃል አይገባም። በአቃቂና በገላን የሚሄደው አሮጌው መንገድ ነው ዱከምን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው። ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አያንቀሳቅስም። በፈጣኑ ሄዶ በአሮጌው መመለስ ሁለቱንም ያስማማል።

መኪና የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ያገኛል። ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ይነሳል። ቢሾፍቱ ውስጥ ባጃጅ ነው። ከመሳፈር በፊት ኮንትራት ይሁን በሰው መለየት አለበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ በኮንትራት ሂሳብ እንደሚወርድ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ያውቁታል።

አሁን ስለ ሐይቆቹ። ዋና ዋናዎቹ ጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የከፈታቸው ጉድጓዶች ናቸው። ይኼ የትምህርት ቤት ነገር ቢመስልም ቀኑን የሚወስነው እሱ ነው። ጉድጓድ ስለሆኑ አፋፉ ከላይ፣ ውሃው ከታች ነው። «ሐይቅ ዳር» የሚል ምልክት የሰቀለ ቤት ብዙ ጊዜ አፋፉ ላይ ነው ያለው። ውሃውን መንካት የፈለገ ደረጃውን ይወርዳል፣ ሲመለስ ደግሞ በ1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት ካሉ ስልክ ደውሎ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ውሃው ድረስ ስንት ደረጃ ነው? መግቢያ ካለው ክፍያው ከምግቡ ሂሳብ ላይ ይቀነሳል ወይስ ለብቻው ነው? ሁለተኛው ጥያቄ በር ላይ ከሚነሳ ጭቅጭቅ ያድናል።

የቢሾፍቱ ሐይቅ ከተማው ውስጥ ያለ፣ 87 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ነው። ለእኔ ከላይ ሆኖ የሚታይ ሐይቅ ነው፤ የጠዋት ቡና እዚያ ይሁን። ወንበር ሲመረጥ ጠዋት በምሥራቁ አፋፍ፣ ከሰዓት በምዕራቡ፣ ፀሐይዋን ለጀርባ ሰጥቶ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ውሃው ነጭ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ፎቶውም ይጠፋል። ከዚያ ሰፋ ያለው ሆራ ነው። ጀልባ አለው፣ ቤተሰብና ልጆች ይበዙበታል። በመስቀል ሰሞን እሑድ ኢሬቻ የሚከበረው በዚሁ በሆራ አርሰዲ ዳር ነው። ያን ቀን ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ለመዝናናት ብሎ መሄድ አያዋጣም፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ባቦጋያ ፀጥ ያለ፣ ዙሪያውን በሎጅና በግል ግቢ የታጠረ ስለሆነ ማደር ለሚፈልግ ይሆናል፤ በክረምት ውስጥ ውስጡን ያለው የአፈር መንገድ ዝቅ ያለ መኪና ይይዛል። ኩሪፍቱ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ በስሙ የሚጠራው ሪዞርትም እሱ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሳያስይዙ መሄድ በር ላይ መመለስን ያመጣል።

ሰው የሚዘነጋው ጨለለቃን ነው። ጉድጓድ አይደለም፣ ክረምት የሚሞላ በጋ የሚሸሽ ጠፍጣፋ ውሃ ነው። ካፌ የለ፣ ሙዚቃ የለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎችና ሌሎች ወፎች ይሰፍሩበታል። የሩቅ ማያ መነጽርና ጭቃ የሚችል ጫማ ይዞ ጠዋት በማለዳ መድረስ ነው። የረጋ የሚመስለው ጭቃ ላይ መራመድ አይገባም፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል። ከከተማው በስተደቡብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ቀለሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ጥቃቅን የውሃ ሕይወት ነው። ውሃው ሶዳነት አለው፣ ለመታጠቢያ አይሆንም፣ ለዓይን ግን ግሩም ነው።

ጀልባ የሚሻለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል፣ ቀዛፊውም ይደክማል፣ ልጆችም ይረጥባሉ። ከመውረድ በፊት ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ፣ ደቂቃው ከመቼ እንደሚቆጠር መነጋገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የነፍስ አድን ጃኬቱ ነው። የልጁ ላይ ዘለበቱ ሁሉ ከተቆለፈ በኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፤ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል። የሚገጥም ከሌለ ልጁ አይሳፈርም፣ አለቀ። መዋኘትን በተመለከተ ባሕር ዳርቻ እንደለመደ ሰው እየተራመዱ መግባት አይቻልም። የጉድጓድ ሐይቅ ወገብ ድረስ ከደረሰ በኋላ የሚቀጥለው እርምጃ መሬት ላያገኝ ይችላል። ጥሩ ዋናተኛ ካልሆኑ በገንዳው መብቃቃት ነው።

ይኼ ሰሞን አንድ ሌላ ጠባይ አለው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይሰምጥና ታች የተኛው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይገለበጣል። ያኔ ዓሣ ታፍኖ በጅምላ ሊሞት ይችላል። ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ ሰብስቦ በርካሽ የሚሸጥ ካለ ማለፍ ነው፤ መቼ እንደሞተ የሚናገር የለም።

ዓሣን ካነሳን፣ ቢሾፍቱ የሚበላው ሁሉ ፊት ለፊት ካለው ሐይቅ የወጣ አይደለም፤ ከዝዋይና ከቆቃ የሚመጣም አለ። ይኼ ነውር የለውም፣ ጥያቄው መቼ መጣ ነው። ጥሩ ቤት ሳይጠበስ ያሳያል። ዓይኑ ጎላ ያለና ጥርት ያለ፣ መተንፈሻ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ተጭነው ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ መሆን አለበት። ዓይኑ ከሰረገደና ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ሌላ ነገር ማዘዝ ነው።

ከሁሉ የምመርጠው ሙሉ ጥብሱን፣ ቲላፒያ የሚባለውን ቆሮሶን ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ በሁለቱም ጎን በጣት ውፍረት ልዩነት እስከ አጥንቱ ይተለተላል። መተልተሉ ለውበት አይደለም፤ ዘይቱ ገብቶ ደቃቁን አጥንት ያደርቀዋል፣ ጨውና ሎሚውም ውስጥ ይደርሳል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ወይም አምስት ስድስት ዓሣ በአንዴ ከገባበት ሙቀቱ ይወርድና ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይወጣል። ሳህኑ ሥር ዘይት ካቆረ ነገሩ ያው ነው። ሌላው ምልክት ሰዓቱ ነው። ሙሉ ዓሣ ታዞ በአምስት ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ፣ አሁን የሞቀ ነው፤ ቆዳው እንደ ጎማ ይለጠጣል። ሃያ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ቤት ይሻላል። ሲበላ በመጀመሪያ የጀርባው ክንፍ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ከዚያ ሥጋው ከአከርካሪው ወደ ውጭ ይገፈፋል። ለልጅ ጉላሽ ይታዘዝ፣ እሱም በጣት ተዳብሶ። የዓሣ ዱለት የማዘው የማውቀው ቤት ብቻ ነው፤ የተከተፈ ነገር ዓይንና ስንጥብ የለው፣ ዕድሜው አይታይም።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተው። የሚያገባን ወረፋው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ፣ ዓሣ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ሥጋ ቤቱም ይቀዘቅዛል፣ የሚዘጋም አለ።

እንግዲህ ምሳ፣ ዱከም። ከሐይቁ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ ስድስት ሰዓት ግድም መድረስ ነው፤ ሰባት ሰዓት ካለፈ ጥሩ ጥሩው ብልት ያልቃል። የተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ ብልት እየጠሩ ማዘዝ እንጂ ተቀምጦ «አንድ ኪሎ ጥብስ» ማለት የቀረውን መቀበል ነው። ለጥሬ ሽንጥ ወይም ታናሽ፣ ለጥብስ ጎድንና ዳቢት፣ ስብ የሚወድ ትንሽ ሻኛ ያስጨምርበታል። አጥንቱ አብሮ ይመዘናል፣ ሥጋውም ሲጠበስ ይሸሻል። አራት ሰው ከሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ለጥብስ ይበቃል፣ ጥሬ የሚበሉ ካሉ አንድ ኪሎ ለጥብስ ግማሽ ለጥሬ።

ጥብስ የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። ሁለት ኪሎ ባንዴ አንድ መጥበሻ ላይ ሲወርድ ውሃውን ይለቅና መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል፤ ግራጫ ሆኖ፣ መረቁ ውስጥ ተኝቶ ይመጣል። ብዙ ሰው ከሆናችሁ «ለሁለት ከፍላችሁ ጥበሱልን» በሉ። ሁለተኛው ዙር ትኩስ ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያው አልቋል፣ ሸክላው ላይ የሚደርቅም አይኖርም። ጥሬውን በተመለከተ ሚጥሚጣውም፣ ሰናፍጩም፣ አረቄውም ኮሶን አይገድሉም፤ የሚገድለው እሳት ነው። የሚበላ አውቆ ይብላ፣ ለልጅ ግን አይሰጥ።

በነጠላ ብቻ መሄድ በዚህ ወር አይሆንም። ጠዋት አፋፉ ላይ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሹራብም ባርኔጣም መያዝ ነው። ዝርዝር ብር ለባጃጁና ለጀልባው፣ ቴሌብር ለቀረው። ከዱከም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መነሳት ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ የቢሾፍቱና የአዳማ ተመላሽ ሁሉ አንድ ላይ ይወርድና ገላን ላይ መኪናው ይቆማል፣ ለቤት የተጠቀለለው ሥጋም የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ይሞቃል።