ተሳቢ ቤት እየጎተቱ ወደ ሮኪ ተራሮች

እናቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ኮሎራዶ ከመጣች ጀምሮ፣ አውሮራ ካለው ቤታችን መስኮት በስተምዕራብ የሚታዩትን ተራሮች እየተመለከተች «መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኝ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ማደር አትችልም፤ ያገለገለ ተሳቢ ቤት የገዛሁትም በዋናነት ለእሷ ብዬ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች «ትሬይለር» የምንለው ይህ ቤት 22 ጫማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ አለው። እናቴ ግን ገና ስታየው «ይሄማ ተሳቢ ነው» አለች። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረውን አባቴን ለሠላሳ ዓመት ያህል ከነተሳቢው ስትሸኝና ስትቀበል የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ሌላ ስም ልታወጣለት አልፈለገችም።

ተሳቢ የሚጎትት ሰው ከሁሉ በፊት ክብደትን ማወቅ አለበት። የእኛው ውኃውና ዕቃው ሲጨመርበት 2,300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ከዚያ ካነሰ፣ ማለትም ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከተጫነ፣ ተሳቢው በፍጥነት ሲነዳ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የውኃ ጀሪካኖቹንና የእናቴን የዱቄት ከረጢቶች ወደ ፊት አስጠግቼ ጫንኩ። የዱቄቱ መጠን ለአራት ቀን ሳይሆን ለአንድ ወር የሚበቃ እንደነበር መናገር አለብኝ።

በቦልደርና በላየንስ በኩል ወደ ኤስተስ ፓርክ ወጥተን፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግሌሸር ቤዝን በተባለው የካምፕ ቦታ አረፍን። በዚያ ቦታ መብራትም ሆነ የውኃ መስመር ወደ ተሳቢው አይገባም፤ የሚኖረው በባትሪ፣ በጋዝና ሞልተው በወሰዱት ውኃ ነው። የድብ አገር ስለሆነ ደግሞ ምግብና ጠረን ያለው ነገር ሁሉ ይቆለፍበታል። በድንኳን የሚያድሩት ምግባቸውን በብረት ሣጥን ሲያስቀምጡ፣ እኛ ተሳቢው ውስጥ መስኮቱን ዘግተን ማስቀመጥ እንችል ነበር። የእናቴ ንጥር ቅቤ ግን ኮሬሪማውና ኮሰረቱ ያወደው ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ደጁ ላይ ኮሽ ባለ ቁጥር ስነቃ አደርኩ።

ካምፑ በ2,590 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ጎረቤቶቻችን ራስ ምታት እንደያዛቸውና ባቄላ አልበስል እንዳላቸው ሲነግሩን፣ እናቴ ከፍታውን በሜትር አስልቼ እንድነግራት ጠየቀችኝና ሳቀች፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናትና። በእርግጥም ውኃ እዚያ ካምፕ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምግብ ይዘገያል፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያም ባነሰ ሙቀት በሚፈላ ውኃ ወጥ ስትሠራ ለኖረች ሴት ይህ ምኑም አዲስ አይደለም።

በማግስቱ ተሳቢውን እዚያው ትተን በፓርኩ አውቶቡስ ወደ ቤር ሐይቅ ሄድን። እናቴ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የሐይቁን ዙሪያ ከባለቤቴ ጋር ቀስ እያለች ስትዞር፣ እኔና ልጄ በኒምፍና በድሪም ሐይቆች በኩል ወደ ኤመራልድ ሐይቅ ወጣን። መንገዱ በአንድ ወገን ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ውኃው ከሃሌት ተራራ ገደል ሥር ተኝቶ ይገኛል። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ስለሆነ በጠዋት ተነሥተን ከእኩለ ቀን በፊት ተመለስን፤ ስምንት ሰዓት ላይም እንደተባለው አጉረመረመ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን በሦስተኛው ቀን ያየሁት ነው። ትሬይል ሪጅ የተባለው መንገድ እስከ 3,713 ሜትር የሚወጣ ሲሆን፣ 3,500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ዛፍ ያልቃል። የመጨረሻዎቹ ጥዶች በነፋሱ ወደ አንድ ጎን ተጣመው፣ ከሰው ወገብ ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሣርና ድንጋይ ነው። በእኛ አገር በሰሜን ተራሮች በዚህ ከፍታ ገብስ ይዘራል። ልዩነቱን ያመጣው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው፤ እዚህ በጋው አጭር፣ ክረምቱም ረጅምና በረዷማ በመሆኑ ዛፉ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ሜዳውን ካየች በኋላ «ታዲያ ምን ይበላል እዚህ?» ብላ ጠየቀች፤ የሚኖርበት ሰው እንደሌለ ብነግራትም አላመነችኝም።

ስንመለስ የሆነውን ሳልደብቅ ልጻፍ። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው፤ ፍሬኑ የሚሠራው ግን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ሶኬት በደንብ ከገባ ብቻ ነው። ጠዋት ተቻኩዬ ሳገናኝ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው አልገፋሁትም፤ የፍሬኑ መቆጣጠሪያም ምልክቱን ማጥፋቱን ልብ አላልኩም። ከኤስተስ ፓርክ ወደ ላየንስ ስንወርድ ያን ሁሉ ክብደት የያዘው የመኪናው ፍሬን ብቻውን ነበር። አባቴ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ማርሹን ቀድሞ ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬኑን ነካ እያደረገ ይለቅ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ግን ማርሹን አውቶማቲኩ ላይ ጥዬ ፍሬኑን እንደረገጥኩ ነበር።

ከኋላ ወንበር እናቴ «ፍሬን ሸተተኝ» አለች። እኔ ምንም አልሸተተኝም ነበር። ደግማ «ቁም ልጄ፣ ጥግ ያዝና ቁም» ስትለኝ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ቆምኩ። የፊት ጎማዎቹ ይጨሱ ነበር። ደንግጬ የውኃ ጀሪካን ሳነሣ እጄን ያዘችኝ፤ የጋለ ብረት ውኃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ ከአባቴ ረዳቶች ሰምታ ታውቅ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ሳንነካው በራሱ እንዲበርድ ተስማማን፤ እኔም ሶኬቱን ያገኘሁት በዚያ መካከል ነው።

«ታኮ አድርገሃል?» አለችኝ። አላደረግሁም ነበር። መንገዱ ቁልቁል ስለነበር ከጎማዎቹ ፊት ታኮውን ስወሽቅ፣ እሷ ተሳቢው ውስጥ ገብታ ጀበናውን ታለቀልቅ ነበር።